ዳኛዋ እስክታጨበጭብ

ሐሙስ፣ መጋቢት 11 ቀን

ለእናቴ፣ በሰው አገር የሰው እናት ለምታስታምም፣ ለቤታችን ጠቅላይ ዳኛ፦

ጤናሽን አሁኑኑ ልጠይቅ፤ ደብዳቤው ካለቀ በኋላ ለመጠየቅ ፊት የሚኖረኝ አይመስለኝም። ወገብሽ እንዴት ነው? አሮጊቷን ስታነሺ በጉልበትሽ በርከክ በይ እንጂ ከወገብሽ አትጎንበሺ። ይህን የነገረኝ ባለሙያ ነው፤ ስለ እሱ በኋላ እመጣበታለሁ።

ጽሑፉ ብርቱካናማ መሆኑ አያስደንግጥሽ። እስክሪብቶው ደርቋል። ይኼ እርሳስ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው፤ እሱም ጋ እደርሳለሁ።

በስልክ ያልነገርኩሽ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ የኛ ግድግዳ ግን አለቃ እያለችለት ምን ጆሮ ያስፈልገዋል? ትንሿን ልጅሽን አለቃ ማለት ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ስምንት ዓመት የሞላት ዕለት ራሷን በራሷ ሾመች። እኔን ደግሞ ጎማ ብላኛለች፤ ጎሚስታ ቤት ስለምሠራ ብቻ ሳይሆን ባዶ አየር ነህ ለማለት ነው። ሁለተኛ፣ አንቺ ገና «ሃሎ» ስልሽ ትስቂያለሽ። ቤቱ ተቃጠለ ብልሽም ትስቂያለሽ። ጥፋቱ የኔ ነው። አምና ጣራችን በነፋስ ተነሥቶ ጎረቤት ግቢ አረፈ ብዬ ሁለት ቀን አስለቅሼሻለሁ። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ድምፅ የለውም።

ትንንሹን ወሬ ልጨርስ። ልብስ ሰፊዋ አከራያችን ደህና ናቸው። ወተታቸውን ማን እንደሚሰርቅ ጠፍቷቸው እኔን ሲጠረጥሩ ከርመው ነበር። አንድ ቀን ወለሉ ላይ ዱቄት ነስንሼ ሌባዋን ከነዱካዋ ያዝኩላቸው፤ የራሳቸው ድመት ናት። አመሰገኑኝ? ዱቄቱን አስጠረጉኝ እንጂ። እኔ መቼም አመድ አፋሽ ነኝ። ሥራ ቦታ ደግሞ ባለፈው ሳምንት መዶሻ አውራ ጣቴን አገኘው። አሠሪዬ ነው የጮኸው፤ እኔ ቆሜ ጣቴን አየሁት። «አያምህም እንዴ አንተ ልጅ?» አለኝ። «የማን ጣት ነው?» አልኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ እንኳ መቀለዴ አልነበረም።

ውሉን ለሁለት ዓመት ማራዘምሽን ሰምተናል። አሮጊቷ ካንቺ እጅ ካልሆነ አልጎርስም ካሉ ምን ይደረጋል።

አሁን ወደ ዋናው። ካርዱ ወጥቷል። ወንበሩ መጥቷል፤ ሰማያዊ ነው፣ ጎማውን እኔው ነፋሁት። ትምህርት ቤቱም ተቀብሏታል። «እንደምንም ብለህ አሳልፋት» ብለሽኝ አልነበር? አሳልፌያታለሁ። እልል በይ። ከዚያ ቁጭ በይና የቀረውን አንብቢ።

የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ቢሮው ልጆቹን የሚመዝነው እንዲህ ነው። ያለፈ ልጅ ካርድ ይሰጠዋል። ካርድ ያለው ልጅ ወንበር ያገኛል፣ በሳምንት ሁለት ቀን ባለሙያ መጥቶ እጅና እግሩን ያሠራዋል፣ ትምህርት ቤትም ረዳት ይመደብለታል። ካርድ የሌለውን ልጅ ርእሰ መምህሩ «በሚቀጥለው ዓመት ብቅ በሉ» ይሉታል። ሁለት ዓመት ብቅ ብለናል። ሁለተኛው ላይ አለቃ፣ «ጎማ፣ እሳቸው ግን መቼ ነው እኛ ጋ ብቅ የሚሉት?» አለችኝ።

ቅጹ ላይ ሃያ አራት ጥያቄ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሣጥን፤ «ትችላለች»፣ «አትችልም»። «ትችላለች፣ ግን ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች» የሚል ሣጥን የለም። «ትችላለች፣ ወንድሟ ካበሳጫት» የሚልም የለም።

አሥራ አንድ እርምጃ ትራመዳለች ብዬ ስጽፍልሽ «በእሷ እንኳ አትቀልድ» ብለሽ መልስ ልከሽ ነበር። እማዬ፣ ቀልድ አልነበረም። አንቺ ስትሄጂ ግድግዳ ይዛ እንኳ አትቆምም፤ ግራ እግሯና ግራ እጇ እንደ ደረቀ ቆዳ ነበሩ። ሁለት ዓመት ፈጀብን። እኔ ከፊቷ ወደ ኋላ እየሄድኩ «ኤሊ ቀደመችሽ፣ ቀንድ አውጣ አሳለፈሽ፣ ያ ሐውልት እንኳ ካንቺ ይፈጥናል» እላታለሁ፤ እሷ ልትቆነጥጠኝ ትመጣለች። ትወድቃለች፤ ትነሣለች። እኔን ለመቆንጠጥ ስትል ነው እግር ያወጣችው። ከአልጋው እስከ በሩ አሥራ አንድ። ክንዴ ላይ ምልክቱ ነበረኝ፤ አሁን ጠፍቷል።

ለምዘናው ሳምንት ሲቀረን አከራያችን የልብስ ስፌት መኪናቸውን አቁመው ጠሩኝ።

«ና እዚህ፣ አንተ ቀጣፊ። እዚያ ቢሮ የኔን ልጅ ምን እንዳደረጉት ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«ሸሚዙን ቆልፍ አሉት። ያ መቀስ እንኳ መያዝ የማይችል እጁ! ሩብ ሰዓት ሙሉ አልቦት፣ ምላሱን ነክሶ፣ አምስቱንም ቁልፍ ቆለፋቸው። እኔ እናቱ ቆሜ አጨበጨብኩ። እነሱ ምን ጻፉ? ‹ይችላል›! በቃ፣ ወደቀ። ማን አስተማረው ቁልፍ? እኔ። ልብስ ሰፊ ሆኜ!» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና፣ «ስማኝ። ያቺ ልጅ እዚያ ቤት አንዲት እርምጃ እንዳትራመድ» አሉኝ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሏል፤ እኔ ደግሞ እባቡን ሳላየው በረየሁ።

ልጅሽን ዋሺ ብትያት አትዋሽም። ጨዋታ ነው ካልሻት ግን ማንም አያሸንፋትም። ስለዚህ ድንጋይ የምንለውን የድሮ ጨዋታችንን አነሣሁባት። ድንጋይን ታስታውሻለሽ፤ ቀድሞ የሳቀ ወይም የተነቃነቀ ይሸነፋል። እኔ «ተሸነፍኩ» እላትና እሷ ስትነቃነቅ «ቀልዴን ነው፣ ተነቃነቅሽ!» እላት ነበር። ሦስት ጊዜ አታለልኳት። በአራተኛው አለቀሰች። አንቺ ድስት እያጠብሽ ነበር፤ እጅሽ በአረፋ እንደተሸፈነ መጥተሽ ፈረድሽ፦ «ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ቀጣፊ ቃል እንዳትሰሚ። እኔ ካላጨበጨብኩ ጨዋታው አላለቀም።» ስታጨበጭቢ አረፋው ፊታችን ላይ ተረጨ። የሄድሽ ጊዜ ዳኛ የለም ተብሎ ጨዋታው ተዘጋ።

«አለቃ፣ ድንጋይ እንጫወት?» አልኳት።

«ዳኛ የለንም።»

«ቢሮው ውስጥ ነው የምንጫወተው። ነይ ይሉሻል፣ አትሄጂም። አንሺ ይሉሻል፣ አታነሺም። ካሸነፍሽ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ።»

«አንተስ?»

«እኔም አልስቅም።»

«አንተ? ሳትስቅ?» ብላ አልጋው ላይ ተንከባለለች። ከዚያ ቀና አለችና፣ «ማን ያጨበጭባል?» አለችኝ።

«እማዬ ስትመጣ ታጨበጭባለቻ!»

«በአካል?»

«በአካል።»

«ማልልኝ።»

«ጎማ ይፈንዳብኝ።»

ይህን ስላት ምንም አላሰብኩም። አፌ ነው የተናገረው። ያኔ ለክረምቱ ትመጫለሽ እየተባለ ነበር።

ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይህን ያደረገው ሰው ከኔ የባሰ ቀልደኛ ነው። ለጥበቃው፣ «በእግሩ የወጣ ልጅ እዚሁ ደረጃው ላይ ወድቋል ማለት ነው» አልኩት። አልሳቀም። አዝያት ወጣሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ እግሩ በተጣጠፈ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ፣ በሩ አልዘጋ ብሎ በገመድ የታሰረ የብረት ቁም ሣጥን። ወለሉ ላይ በቢጫ ፕላስተር የተለጠፈ መስመር አለ፤ ልጆቹ የሚራመዱበት ነው። በዓይኔ ለካሁት። ለእሷ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። አንድ ይተርፋት ነበር።

ገምጋሚዋ ክፉ ሴት አይደሉም። መነጽራቸው በክር ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ከኛ በፊት አሥራ ስድስት ልጅ አይተዋል፤ ሻያቸው ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«ማነሽ ቆንጆ? እስኪ ነይ ወደ እኔ» አሏት።

አልተነቃነቀችም። ኩባያ አንሺ አሏት፤ አላነሣችም። ግራ እጇን ሳቡ፣ ቀኝ እጇን ሳቡ፤ ሲለቁት እንደ እርጥብ ልብስ ወደቀ። ቀኝ እጇ እኮ ደህናው ነው፣ እማዬ። እኔን የሚቆነጥጠው እሱ ነው። ገምጋሚዋ እየጻፉ ሄዱ፤ «አትችልም»፣ «አትችልም»። መጨረሻ ላይ ከመሳቢያቸው የቀለም እርሳስ ሣጥን አውጥተው መስመሩ ጫፍ ላይ አስቀመጡት። አሥራ ሁለት ቀለም።

«ሄደሽ ከወሰድሽው ያንቺ ነው» አሏት።

አለቃ እስከ ዛሬ በከሰል ነው ግድግዳ ላይ የምትስለው። ዓይኗ መስመሩን ይዞ እስከ ሣጥኑ ሄደ። እዚያ ቆየ። ከዚያ ተመለሰ። እግሯ አልሄደም።

ገምጋሚዋ ወደ እኔ ዞረው፣ «ተራምዳ ታውቃለች?» አሉኝ።

«አንድም ቀን» አልኩ።

ያኔ አለቃ አየችኝ። አንገቷን አዙራ። በሕጉ መሠረት ተሸንፋ ነበር። አልነገርኳትም።

«ካርዱ በሁለት ሳምንት ይደርሳችኋል» አሉ ገምጋሚዋ ማኅተም እያሳረፉ። «በስድስት ወር ውስጥ ደግሞ ሳንናገር ቤት መጥተን እናያታለን። ለውጥ ካለ ካርዱ ይመለሳል።» አንዲት እርሳስ መዝዘው «ምስኪን» ብለው መዳፏ ላይ አኖሩላት። ጣቷ አልታጠፈም። እርሳሱ ተንከባልሎ ወደቀ፤ እኔ አነሣሁት። የምጽፍልሽ በእሱ ነው።

ደረጃውን ስወርድ፣ «አለቃ፣ ተሸነፍኩ። በለጥሽኝ። አበቃ» አልኳት። ጀርባዬ ላይ እንደ ጆንያ ከበደችኝ። ቤት ደርሰን አልጋው ላይ አስቀመጥኳትና ከፊቷ ወደ ኋላ እየሄድኩ፣ «ነይ፣ ኤሊ፣ ነይ ቆንጥጪኝ!» አልኳት።

«እማዬ አላጨበጨበችም» አለችኝ።

«ጨዋታው እኮ አልቋል።»

«አንተ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትለው።»

ይኸው ሰባተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ታወራለች፣ ትበላለች፣ በቀኝ እጇ ትጽፋለች። እግሯን ግን ዘግታዋለች። ድስት ደፍቼ ጨፈርኩላት፤ የአከራያችንን ቀሚስ ለብሼ እንደ እሳቸው ተቆጣሁ፤ የባንክ ቤት ጥበቃ ገንዘብ ያልያዘ ሰው ሲያይ እንደሚያየው ነው ያየችኝ። መምህርቷ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ አትነቃነቅም» ብላ አመሰገነቻት። እኔም አመሰግናለሁ አልኩ።

ባለሙያው ጎበዝ ነው። የወገብሽን ነገር የነገረኝ እሱ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጉልበቷን ሲያጣጥፍ ቆየና ወደ ውጭ ጠራኝ።

«መገጣጠሚያዋ እየተያዘ ነው። ጡንቻዋ ግን የሠራ ጡንቻ ነው የሚመስለው» አለኝ። «ከዚህ በፊት ትራመድ ነበር?»

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ወረቀቱማ ተራምዳ አታውቅም ይላል።»

«እንግዲያው አታውቅም» አልኩት።

«እንጃ። የማይሠራ እግር መንገዱን ይረሳል። ትራመድ ከነበረና ካቆመች እግሯ እስከ ክረምት አይቆይላትም» አለና ቦርሳውን ይዞ ሄደ። እውነቱን ብነግረው ካርዱ ይሄዳል፤ ከካርዱ ጋር ወንበሩ፣ ከወንበሩ ጋር ትምህርት ቤቱ፣ ራሱ ባለሙያውም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ እንጃ፣ ይሄኛው ዝምታ ነቀዝ የያዘው ይመስለኛል።

ትናንት ጧት ሥራ ልሄድ ስል የድመቷ ነገር ትዝ አለኝ። ትምህርት ስላልነበራት አለቃ ቤት ናት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ከአልጋው እስከ በሩ ወለሉን ሁሉ ዱቄት ነሰነስኩበት፤ በስሱ፣ እንዳይታወቅ። ከዚያ ጎማ ስነፋ ዋልኩ። ለምሳ ተመለስኩ።

ዱካ ነበረ።

ቀኝ እግሯ ከነጣቶቹ። ከጎኑ ግራው የጎተተው መስመር። ወደ በሩ አይደለም፤ ግድግዳው ላይ ወደ ሳለችው ስዕል ነው። ቆጠርኩት። አራት። አምስተኛው ላይ እግሩ የለም፤ የመዳፍና የጉልበት ቅርጽ ነው። እስከ ግድግዳው በመዳፍ፣ ከግድግዳው እስከ ወንበሩም በመዳፍ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ትሄዳለቻ! ቆሜ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ቀስ ብሎ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። እኔ ስወጣ ብቻ ነው የምትነሣው። ከቢሮው ብቻ አይደለም የምትደበቀው።

ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሁለቱም ጉልበቷ ነጭ ነው። ጨርቅ አርጥቤ መጣሁና ከፊቷ ተንበርክኬ ጉልበቷን ጠረግሁላት።

«ዱቄቱን ማን ደፋው?» አለችኝ።

«ድመቷ።»

«ጉልበቴ ላይስ?»

«እሷው ትሆናለች።»

«ያቺ ድመት ቀልደኛ ናት» አለች። አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም። ሁለታችንም ጎበዝ ሆነናል።

እንዳትደውዪላት። ባለፈው ክረምት በአከራያችን ስልክ ያንቺን ድምፅ አስመስዬ «መድኃኒትሽን ዋጪ» ብያት ነበር፤ ከነቃችብኝ ወዲህ በስልክ የምትመጣ እናት አታምንም። ደብዳቤ ብትጽፊላትም «የጎማ ጽሕፈት ነው» ትላለች፤ ያንቺን ፊርማ እንደምችለው ታውቃለች። ማጨብጨብ ደግሞ በፖስታ አይላክም። ሁሉንም አስቤዋለሁ። ውሉን ፈርመሻል፤ ሁለት ዓመት ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ምንም አልጠየቅሁሽም። ሆድ ይፍጀው።

አሁን ስጽፍ እያየችኝ ነው።

«ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለእማዬ።»

«የኔን እርሳስ አትጨርሰው።» ከዚያም፣ «አልተነቃነቀችም በላት» አለችኝ።

ይኸው ብያለሁ። አልተነቃነቀችም።

ፈጣሪ ወገብሽን ያጽናልሽ፤ የገባሽበትን በር ለመውጫም ክፍት ያድርግልሽ። ለአሮጊቷም ዕድሜ ይስጣቸው ልል ስል እጄ ቆመብኝ። ይቅር ይበለኝ። ይስጣቸው።

ተሸናፊው ልጅሽ፣
ጎማ